በስቴላሪስ ጌም የምጽዓት መሣሪያዎችን በብልሃት ስለመጠቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስቴላሪስ በስዊድኑ የጌም ኩባንያ በፓራዶክስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጌም ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከአንዲት ፕላኔት ተነሥቶ ሕዋን እያሰሰ፣ ከሌሎች ሥልጣኔዎች ጋር እየተዋወቀ፣ እየተዋዋለና እየተዋጋ ግዛቱን የሚያሰፋበት ነው። ጨዋታው በ2200 ዓመት ጀምሮ ለዘመናት ይዘልቃል፤ ከጊዜ በኋላም ተጫዋቹ አንዲትን ፕላኔት፣ አንድን ኮከብ፣ አልፎም ጋላክሲውን በሙሉ የሚያጠፉ መሣሪያዎችን መሥራት ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች እነዚህን መሣሪያዎች መቼ፣ በማን ላይና እንዴት መጠቀም እንደሚበጅ ያብራራሉ። የጌሙ ሕጎችና ቁጥሮች በየጊዜው በሚለቀቁ ማሻሻያዎች ስለሚለዋወጡ፣ ወጪን የሚመለከቱ አኃዞችን በያዙት ቅጂ ላይ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

የምጽዓት መሣሪያ ሲባል የትኞቹን ያጠቃልላል?

በዋነኛነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ኮሎሰስ የተባለው ግዙፍ መርከብ ሲሆን፣ ፕላኔትን የሚያጠፋ ወይም ነዋሪዎቿን የሚለውጥ አንድ መሣሪያ ብቻ ይሸከማል። ሁለተኛው ስታር ኢተር የተባለው፣ ኮከብን አፈንድቶ ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚለውጥ መርከብ ነው። ሦስተኛው ኤተሮፌዚክ ኢንጅን የተባለው ግንባታ ሲሆን፣ ተሠርቶ ሲያበቃ ጋላክሲውን ደምስሶ ጨዋታውን በባለቤቱ አሸናፊነት ይዘጋል። ታይታን የተባለው ትልቅ የጦር መርከብ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ጋር አብሮ ይነሣል፤ ይሁንና እሱ በመርከቦች ላይ የሚተኩስ ተራ ተዋጊ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

እነዚህን መሣሪያዎች ለማግኘት ተጨማሪ ክፍያ ያስፈልጋል?

አዎን። ኮሎሰስ የመጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 ከወጣው አፖካሊፕስ ከተባለው ማስፋፊያ ጋር ሲሆን፣ ስታር ኢተርና ኤተሮፌዚክ ኢንጅን ደግሞ በ2021 ከወጣው ኔሜሲስ ጋር መጥተዋል። በመስመር ላይ ከሌሎች ጋር በሚደረግ ጨዋታ ግን ማስፋፊያውን የገዛው ጨዋታውን ያስተናገደው ሰው ብቻ ቢሆንም እንግዶቹ ሁሉ ሊገለገሉበት ይችላሉ። ስለዚህ በጓደኛሞች መካከል አንድ ሰው መግዛቱ ይበቃል።

ኮሎሰስን ለመሥራት ምን ማሟላት ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ ኮሎሰስ ፕሮጀክት የተባለውን አሴንሽን ፐርክ (ለመንግሥቱ ዘላቂ ጥቅም የሚሰጥ ምርጫ) መምረጥ ያስፈልጋል። ትራዲሽን የሚባሉት የትውፊት ዘርፎች ተሟልተው ሲያልቁ የሚከፈቱት የፐርክ ቦታዎች ውስን በመሆናቸው፣ ይህን የመረጠ ተጫዋች ኢኮኖሚውን ወይም ሕዝቡን የሚያጠናክር ሌላ ፐርክ ትቷል ማለት ነው። ፐርኩን ለመምረጥ የታይታን ቴክኖሎጂ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከዚያም ልዩ የምርምር ፕሮጀክት ይከተላል፤ ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ ሲታደል ከተባለው ከፍተኛ ደረጃ በደረሰ ስታርቤዝ (የሕዋ ጣቢያ) ላይ ለኮሎሰስ የተለየ የመርከብ መሥሪያ ይተከላል። መርከቡ ራሱ 10,000 ገደማ አሎይ (መርከብ የሚሠራበት ብረት) ይፈጃል፣ ግንባታውም በጌሙ አቆጣጠር ዓመታት ይወስዳል። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ኮሎሰስ መያዝ ደግሞ አይቻልም። ብርቅ የሚያደርገው ከዋጋው ይልቅ ይህ ገደብ ነው፤ ኮሎሰሱ ከጠፋ ተተኪው እስኪሠራ ድረስ ጦርነቱ ያለ እሱ ይቀጥላል።

ይህን ያህል ወጪ ያዋጣል? ለመሥራትስ ትክክለኛው ጊዜ መቼ ነው?

ብዙ ተጫዋቾች ኮሎሰስን ቶሎ ይሠራሉ። ፐርኩ ሲከፈት ያለ የሌለ አሎያቸውን ያፈሱበታል፤ በዚያው ዓመት ጎረቤት ጦርነት ሲያውጅባቸው ድንበሩን የሚጠብቅ መርከብ ያጣሉ። ኮሎሰስ በጠላት መርከብ ላይ የሚተኩሰው አንዳችም መድፍ የለውም። በመሆኑም በ10,000 አሎይ የተገዛው ነገር ያለ አጃቢ ራሱን እንኳ ማዳን አይችልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ መደበኛ ጦሩን ሳያደራጅ ወደ ኮሎሰስ የሮጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ኮሎሰሱንም ጦሩንም ያጣል።

እኛ የምንመክረው መለኪያ ቀላል ነው። የጠላትን መርከቦች በሜዳ ላይ ማሸነፍ ካልቻሉ ኮሎሰስ አይጠቅምዎትም፣ ምክንያቱም ዒላማው ዘንድ አይደርስም። መርከቦቹን አሸንፈው ፕላኔቶቹንም በእግረኛ ጦር በቀላሉ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ አያስፈልግዎትም፤ የሚጠፋው ሕዝብና ሕንፃ ያለ ብዙ ድካም የእርስዎ ይሆን ነበርና። ኮሎሰስ ዋጋውን የሚመልሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ሁኔታ ነው፦ በሕዋ ላይ የበላይነት ይዘው ሳለ አንዲት ፕላኔት መንገድ ስትዘጋብዎት።

ፕላኔት መንገድ የምትዘጋው እንዴት ነው?

ከ2018ቱ ትልቅ ማሻሻያ ወዲህ መርከቦች ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚጓዙት በተወሰኑ መስመሮች ነው። ምሽግ የተሠራባት ፕላኔት ጉዞን የሚያግድ መሣሪያ ሊኖራት ይችላል። ይህ መሣሪያ እስካልተነቀለ ድረስ ወደ ሥርዓተ ኮከቡ የገባ ጠላት በመጣበት መስመር ከመመለስ በስተቀር ወደ ፊት ማለፍ አይችልም። ስታርቤዙ ቢወድቅ እንኳ ፕላኔቷ እስካልተያዘች ድረስ እገዳው ይቀጥላል።

ልምድ ያለው ተከላካይ እንዲህ ያለችውን ፕላኔት በመተላለፊያ ላይ ይመርጥና ከምሽግ በቀር ሌላ ነገር አይሠራባትም፤ ነዋሪዎቿ በአመዛኙ ወታደሮች ይሆናሉ፣ የቦምብ ድብደባን የሚያቃልል ጋሻም ይተከልላታል። ፕላኔቷን በእግረኛ ለመያዝ የሚላከው ጦር በብዛት ያልቃል፤ በድብደባ ብቻ ለማዳከም የሚወስደው ጊዜም ይረዝማል፣ በዚያ መካከል የጦርነት ድካም መጠን ወደ መቶ በመቶ እየተጠጋ አጥቂውን ሳይወድ ወደ ሰላም ይገፋዋል። ኮሎሰስ ግን የወታደሮቹን ቁጥር አይመለከትም። መሣሪያውን እስኪሞላ ድረስ ከጠበቁት ፕላኔቷ ከእነምሽጓ ከጨዋታው ትወጣለች፣ መስመሩም ይከፈታል። አንድ ኮሎሰስ በአንድ ሙሉ ጨዋታ ውስጥ እንዲህ ባሉ ሁለት ወይም ሦስት ፕላኔቶች ላይ ብቻ ቢተኩስ ሥራውን ሠርቷል እንላለን።

ከኮሎሰስ መሣሪያዎች የትኛውን መምረጥ ይሻላል?

መልሱ ከጦርነቱ በኋላ ፕላኔቷን ለምን እንደሚፈልጓት ይወሰናል። ሁሉም መሣሪያ ለሁሉም መንግሥት ክፍት አለመሆኑንም ማወቅ ያሻል።

ወርልድ ክራከር ፕላኔቷን ይሰባብራታል። ከእንግዲህ ማንም አይሰፍርባትም፤ በቦታዋ የሚቀረው ማዕድን የሚወጣበት ፍርስራሽ ነው። ጠላት ከዓመታት በኋላ መልሶ ይይዛታል ብለው ለሚሰጉባት ፕላኔት ቁርጥ ያለ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም ለም የሆነችን ትልቅ ፕላኔት በዚህ መሣሪያ ማጥፋት የራስን የወደፊት ሀብት ማቃጠል ነው።

ኒውትሮን ስዊፕ ሕይወት ያላቸውን ነዋሪዎች ፈጅቶ ሕንፃዎቹን ይተዋል። ሕዝባቸው በዝቶ መስፈሪያ ላጠራቸው መንግሥታት ከስሌት አንጻር ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው። ነገር ግን በዚህ ጌም የሀብት ሁሉ ምንጭ ሕዝብ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ባዶ ከተማን እንደገና ለመሙላት አሥርት ዓመታት ይወስዳል።

ግሎባል ፓሲፋየር ማንንም አይገድልም። ፕላኔቷን በማይበገር ጋሻ ሸፍኖ ነዋሪዎቿን ለዘላለም ከውጭው ዓለም ይለያቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ፕላኔቷ ከውጭ ሆነው የሚያጠኗት የምርምር ምንጭ ትሆናለች። ተጫዋቾች በአብዛኛው ይንቁታል፤ በእኛ አስተያየት ግን መንገድ የዘጋችን ምሽግ ለማስወገድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከወርልድ ክራከር የሚያንስበት ነገር የለም። ሰላም ወዳድ የሆነን መንግሥት ለሚጫወት ሰው ከታሪኩ ጋር የሚጣጣመውም እሱ ነው።

የቀሩት ለተወሰኑ መንግሥታት ብቻ የተሰጡ ናቸው። ጎድ ሬይ ለመንፈሳውያን ሲሆን፣ ሮቦቶችን አጥፍቶ የቀሩትን ነዋሪዎች ወደ መንፈሳዊ አቋም ይለውጣል። ናኖቦት ዲፊዩዘር ሌሎችን ወደ ራሱ ለሚቀላቅል የማሽን ሥልጣኔ የተሰጠ ነው፤ ነዋሪዎቹን ከፊል ማሽን አድርጎ ያስገብራቸዋል። ዴሉጅ ማሽን ከ2021 ወዲህ ለውኃ ፍጡራን የመጣ ሲሆን ፕላኔቷን ውቅያኖስ ያደርጋታል። ከእነዚህ መካከል ናኖቦት ዲፊዩዘር የተለየ ግምት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሕዝቡን ሳያጠፋ ለአሸናፊው የሚያስረክብ በመሆኑ፣ ይህን ዓይነት ሥልጣኔ የሚጫወት ሰው ከላይ ያስቀመጥነውን ቁጥብነት መከተል አይጠበቅበትም።

ኮሎሰሱን ሳይጠፋ ወደ ዒላማው ማድረስ የሚቻለው እንዴት ነው?

ዋናው ሕግ ኮሎሰሱን ከተዋጊዎቹ ጋር አንድ ላይ አለማስገባት ነው። ተዋጊ መርከቦቹ ቀድመው ይግቡ፤ ኮሎሰሱ በአንድ ኮከብ ርቀት ከኋላ ይቁም። የጠላት መርከቦች ተሸንፈው ስታርቤዙም ከወደቀ በኋላ ብቻ ይጠራ። መርከቡ ዘገምተኛ በመሆኑ ከሥርዓቱ ዳርቻ እስከ ፕላኔቷ ምሕዋር ድረስ የሚያደርገው ጉዞ ራሱ ረጅም ነው፤ ጨዋታውን በፍጥነት ለሚያስኬድ ሰው ይህ ኢምንት ቢመስልም፣ የጠላት አጋር ከጎረቤት ሊደርስ የሚችለው በዚሁ ጊዜ ነው።

ምሕዋር ከገባ በኋላ የመተኮስ ትእዛዝ ሲሰጠው መሣሪያው ወዲያው አይተኩስም። መሙያው ቀስ እያለ ሲያድግ በማያ ገጹ ላይ ይታያል፤ ጭረቱ ሳይሞላ ኮሎሰሱ ከተመታ ወይም ካፈገፈገ የተደከመው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ተዋጊዎቹ በዚያን ጊዜ በፕላኔቷ ዙሪያ ተሰብስበው መቆማቸው ስሕተት ነው። ጠላት ሊመጣበት የሚችለውን መስመር ለይቶ፣ መርከቦቹን በመግቢያው ላይ ማስቆም ይሻላል፤ መጪው ጠላት ገና ብቅ ሲል ይገጥሙታል፣ ኮሎሰሱም ከውጊያው ርቆ ሥራውን ይጨርሳል። ሥርዓቱ ጌትዌይ ወይም ዋርምሆል (ከሩቅ ኮከቦች ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ በር) ካለው ደግሞ እሱም እንደ አንድ መግቢያ ተቆጥሮ ጠባቂ ሊመደብለት ይገባል፤ አብዛኛው ድንገተኛ ጥቃት የሚመጣው ከዚያ ነውና።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከመተኮስዎ በፊት የፕላኔቷን የነዋሪዎች ዝርዝር ይክፈቱ። በፍልሰት ስምምነት የሄዱ የራስዎ ዝርያ ሰዎች በጠላት ፕላኔት ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ወርልድ ክራከር እነሱን ከሌሎቹ አይለይም።

ኮሎሰስ ያስገኛል የሚባለው «ቶታል ዋር» ምንድን ነው?

በተለመደው ጦርነት ተጫዋቹ የሚወስደውን ግዛት አስቀድሞ የይገባኛል ጥያቄ ሊያነሣበት፣ ለዚህም የኢንፍሉዌንስ ነጥብ ሊከፍልበት ይገባል፤ የተያዘው ግዛትም የሚጸናው በሰላም ስምምነቱ ነው። ኮሎሰስ ግን ያለ ይገባኛል ጥያቄ የሚታወጅ የጦርነት ምክንያት ይሰጣል፤ በዚህ ጦርነት የተያዘ ሥርዓተ ኮከብ ሰላም እስኪወርድ ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ያዘው ወገን ይዛወራል።

ብዙ አዋቂ ተጫዋቾች ፐርኩን የሚመርጡት ለዚህ ሲሉ ነው፤ አንዳንዶቹ መርከቡን ሠርተው አንዲትም ፕላኔት ሳይመቱበት ግማሽ ጋላክሲ ይይዛሉ። ኢንፍሉዌንስ በዝግታ የሚጠራቀም ሀብት ስለሆነ፣ ከዚህ ወጪ ነጻ መውጣት በራሱ ከአንድ ትልቅ የጦር ጓድ ጋር የሚመጣጠን ጥቅም ነው። ሕጉ ግን ለሁለቱም ወገን ይሠራል፤ ጠላትም ከእርስዎ የያዘውን ወዲያው የራሱ ያደርጋል። በሌላው ግንባር ድንበሩን ባዶ አድርጎ ቶታል ዋር የሚያውጅ ሰው ይህን ያስብበት። የፌዴሬሽን አባል የሆነ መንግሥትም እንደ ፌዴሬሽኑ ሕግ ጦርነት ለማወጅ የአባላቱን ድምፅ ሊፈልግ ይችላል።

ፕላኔት ማጥፋት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ያለን ግንኙነት ምን ያህል ይጎዳል?

ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን በማን እንደሚጫወቱ ይለያያል። በንግድ ስምምነት፣ በፌዴሬሽንና በጋላክሲው ማኅበረሰብ ድምፅ ላይ የተመሠረተ መንግሥት፣ በጅምላ ጭፍጨፋ ምክንያት የሚደርስበት ጥላቻ ከያዘው መሬት በላይ ያስከፍለዋል። በአንጻሩ ከማንም ጋር እንዳይደራደሩ ሆነው የተፈጠሩት ጨፍጫፊ መንግሥታት የሚያጡት ወዳጅ የላቸውም። በመካከል ያሉት አንድ ነገር ያስቡ፦ የሚጠቃው መንግሥት ጎረቤቶቹ የሚጠሉት ከሆነ ጉዳዩ ቶሎ ይረሳል፣ የተወደደ ከሆነ ግን ቀጣዩ ጦርነት ከአጋሮቹ ጋር መሆኑ አይቀርም።

ኮሎሰስን ይዞ ሳይተኩሱ ማስፈራራት ይቻላል?

በኮምፒዩተር ላይ እምብዛም፣ በሰው ላይ ግን በሚገባ። ኮምፒዩተሩ የሚመራው መንግሥት ሌላውን የሚመዝነው በጦር መርከቦች ኃይል፣ በቴክኖሎጂና በኢኮኖሚ ንጽጽር ነው፤ ስለ ዋና ከተማው ዕጣ ፈንታ የሚጨነቅ ልብ የለውም። ሰው ተጫዋች ግን ለዓመታት ያለማት መነሻ ፕላኔቱ አጠገብ ኮሎሰስ ቆሞ ሲያይ ስሌቱ ይለወጣል። ከሰዎች ጋር በሚደረግ ጨዋታ ኮሎሰሱን በድንበር ላይ በሚታይ ቦታ አቁሞ መደራደር፣ ብዙውን ጊዜ ከመተኮስ የተሻለ ውጤት ያመጣል፤ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ተጎጂው ወገን የሚያጣው ነገር ስለሌለው ጨዋታው እስኪያልቅ በቀል ብቻ ይፈልጋልና። ስለ አጠቃቀሙ ከጨዋታው በፊት መስማማትም ጓደኝነትን ያቆያል።

በጨዋታው መጨረሻ በሚመጡት ቀውሶች ላይ ይጠቅማል?

በመደበኛው ቅንብር የመጨረሻው ምዕራፍ በ2400 ዓመት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ጋላክሲውን የሚወርር ኃይል ሊነሣ ይችላል። ፕሬቶሪን የተባሉት ወራሪዎች ፕላኔቶችን እየበከሉ ስለሚስፋፉ፣ የበከሏትን ፕላኔት መሰባበር ለኮሎሰስ የሚስማማ ሥራ ነው፤ ከሥነ ምግባርም ሆነ ከዲፕሎማሲ አንጻር የሚያስወቅስ ነገር የለውም። አንቢደን የተባሉት ግን ከሌላ ዓለም በሚከፍቱት በር ስለሚገቡ ፕላኔት መስበር እነሱን አይነካም፤ በሩንና መልሕቆቹን የሚያፈርሰው መደበኛ ጦር ነው። ቀውሱ በአንቢደን በኩል ከመጣ ለኮሎሰስ የታሰበውን አሎይ ወደ ተዋጊ መርከቦች ማዞር ይገባል።

ስታር ኢተርንና ኤተሮፌዚክ ኢንጅንን እንደ ስልት መጠቀም ይቻላል?

እነዚህ ለጦርነት ማሸነፊያ ብቻ የሚያገለግሉ ሳይሆኑ ሙሉ የጨዋታ መንገድ ናቸው። ቀድሞ ቢካም ዘ ክራይሲስ ይባል የነበረውን፣ አሁን ጋላክቲክ ኔሜሲስ የሚባለውን ፐርክ የመረጠ ተጫዋች በጥፋት ሥራው ሜናስ የተባለ ነጥብ እያጠራቀመ በአምስት ደረጃዎች ያድጋል። በዚህ ጎዳና የሚገኙት ሜናሲንግ የተባሉ መርከቦች በአሎይ ፈንታ በተራ ማዕድን የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ብዙ ጦር በርካሽ ማሰለፍ ይቻላል። ስታር ኢተር ኮከቡን ሲያፈነዳ በሥርዓቱ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ከዚህ የሚገኘው ዳርክ ማተር የተባለ ብርቅ ሀብት ለኤተሮፌዚክ ኢንጅን ግንባታ ይውላል።

ስልቱ ያለው ጊዜን በማስላት ላይ ነው። ተጫዋቹ ወደ መጨረሻዎቹ ደረጃዎች ሲደርስ የተቀረው ጋላክሲ በአንድነት ይነሣበታል፣ ኢንጅኑም ደረጃ በደረጃ የሚገነባ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ግንባታው የሚካሄድበት ሥርዓተ ኮከብ ከድንበር የራቀና መግቢያው አንድ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ስታር ኢተሩም ዳርክ ማተር ከማምጣት ባሻገር፣ አጎራባች ጠላቶች የመርከብ መሥሪያ የተከሉባቸውን ሥርዓቶች አስቀድሞ ለማጥፋት ቢውል የመከላከሉን ሸክም ያቀላል።

ጠላት ኮሎሰስ ይዞ ቢመጣስ?

በመጀመሪያ ዋናውን ጦሩን ትተው ኮሎሰሱን ብቻ ለማሳደድ አይጣደፉ፤ ኮሎሰሱ ተዋጊዎቹ መንገድ ካልጠረጉለት የትም አይደርስም። ሥርዓተ ኮከቡ ቢወድቅብዎት እንኳ ጊዜ አለዎት፤ መሣሪያው እስኪሞላ ድረስ ፈጣን ከሆኑ ትንንሽ መርከቦች የተውጣጣ ቡድን ጠላት ባልጠበቀው መስመር አስገብቶ ኮሎሰሱን ውጊያ ውስጥ መክተት ሥራውን ያስተጓጉላል። ቡድኑ ቢያልቅም ዋናው ጦር የሚደርስበት ፋታ ይገኛል። የኮሎሰስ መሥሪያ የተተከለበት የጠላት ሲታደል የት እንዳለ በስለላ ካወቁ ደግሞ ቀጣዩን ዘመቻ ወደዚያ ያቅኑ፤ ኮሎሰሱ ከጠፋ በኋላ ሲታደሉም ከተያዘ፣ ጠላት ሌላ ለመሥራት በመጀመሪያ ሌላ ሲታደል ማቆምና መሥሪያውን እንደገና መትከል ይኖርበታል።